«ልጄ ከሐበሻ ጋር ብቻ እንዳትውልብኝ» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ማህበራት ቢሮ ስሠራ 12 ዓመቴ ነው። ድርሻዬ የባህል ማህበራትን ማማከር ነው። የሐበሻው፣ የቬትናሙ፣ የናይጄሪያው፣ የላቲኖው፣ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት፣ ከዚያም ሁሉን የሚያሰባስበው የመድብለ ባህል ምክር ቤት። ፎርማቸውም፣ ኩርፊያቸውም፣ የጠፋ ደረሰኛቸውም እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ የሐበሻ ስም ያገኙ ወላጆች ናቸው የሚደውሉት። ሰላምታው ረጅም ነው። ጤና ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ የአባቴ አገር ይጠየቃል። ከዚያ ጉዳዩ ይመጣል። «አደራህን ልጄ፣ ልጅቷ ከሐበሻ ጋር ብቻ እንዳትውልብኝ። ያ ማህበር ምናምን የሚሉት ነገር አላማረኝም።»

የሰው አደራ አልመልስም። ይሄኛውን ግን መመለስ ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«አባል ለመሆን የዚያ አገር ሰው መሆን ግድ ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል 6፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ሰውን እንዳያገል ያግዳል። ይህን ገንዘብ የማያገኝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። እኛ ጋ አንድ ማህበር ሲመዘገብ ደንቡ ላይ «ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ነው» ብሎ መጻፍ አለበት። የኛው የሐበሻ ማህበር ገንዘብ ያዥ ለሁለት ዓመት ኮሪያዊት ነበረች። ደረሰኝ ላላመጣ ሰው አንድ ሳንቲም አትከፍልም። እንደዚያ የተስተካከለ ሒሳብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ውጤት ያበላሻል»

ውጤት የሚያበላሸው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስልክ ላይ ማፍጠጥ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማህበር አመራር ለመሆን ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ያስቀምጣሉ። ከዚያ በታች የወረደ ሥልጣኑን ያስረክባል።

«በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ መሪ መሆን አይችልም»

ይችላል። ያለክፍያ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ የፈለገውን መሆን ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሥልጣኑ ደሞዝ ካለው ነው። ያኔ እንደ ሥራ ስለሚቆጠር፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚለው ገደብ ይነካዋል። ስለዚህ ፊርማ ከማኖሩ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ። የአክስቱን ልጅ ሳይሆን ቢሮውን።

«የዘመኑ ፋሽን ነው»

ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተለያየ አገር ተማሪዎች ኮስሞፖሊታን ክለብን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። እዚያው ግቢ በ1906 ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋ የሚባለውን የወንድማማች ክበብ መሠረቱ። የነጮቹ ክበቦች በር ለጥቁር ተማሪ ዝግ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ፋሽን ከሆነ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ያላለፈበት ፋሽን ነው።

«ዳንስና ምግብ ብቻ ነው»

ይህችን በከፊል እቀበላለሁ። የባህል ምሽት ሲደርስ ስለ እስክስታ ልምምድ የማይነሳ ጥያቄ የለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ውስጥ ትምህርት ያቆሙት እነዚሁ ማህበራት ናቸው። የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት ጀመረው። የላቲኖ፣ የቻይና፣ የፊሊፒንስ ተወላጅ ተማሪዎች ማህበራት ደግሞ የሦስተኛው ዓለም ነፃነት ግንባር በሚል ስም አብረው ቆሙ። አድማው አምስት ወር ገደማ ፈጀ። በአሜሪካ ታሪክ ረጅሙ የተማሪ አድማ እሱ ነው። ሲያበቃም የጥቁሮች ጥናት ክፍልና የብሔረሰብ ጥናት ኮሌጅ ተገኘበት። ዛሬ ልጃችሁ «የአፍሪካ ታሪክ» የሚል ኮርስ መዝግባ ስትመጣ፣ ከጀርባው ስብሰባ ሲጠሩ የከረሙ የማህበር ልጆች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው።

«ራሳቸውን ያገላሉ»

ወላጅ ቅዳሜ ግቢ ሊጎበኝ ይመጣል። ካፌቴሪያ ይገባል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሐበሻ ተቀምጦ ይስቃል። በቃ! «አየህ? አሜሪካ ድረስ መጥተው እርስ በርሳቸው።» ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዐሥር ነጭ ልጆች ተቀምጠዋል። እነሱን ማንም አገለሉ አይላቸውም። ምሳ እየበሉ ነው የሚባለው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ማህበሩ የሚሰበሰበው በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። የባህል ምሽት ሲቃረብ ልምምዱ ተጨምሮ ስድስት ሰባት ሰዓት ይሆናል እንበል። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። በቀረው ጊዜ ልጅቷ ክፍል ውስጥ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ፣ ሥራ ላይ ናት። እዚያ ሁሉ ከጎኗ ያለው ሰው ሐበሻ አይደለም። በዚህ አገር ከሐበሻ ውጭ ሰው ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው ሌላው ነው።

ይህን ያጠኑ ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከ28 ኮሌጆች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ የትኛው ክበብ ከሌላ ዘር ጓደኛ ከማፍራት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ፈተሸ። የባህል ማህበር አባልነት የሌላ ዘር ጓደኛን አልቀነሰም። ከመቀነስ ጋር ተያይዘው የተገኙት በግሪክ ፊደል የሚጠሩት የወንድማማችና የእህትማማች ክበቦች እንዲሁም የሃይማኖት ማህበራት ናቸው። ስለ ሃይማኖት ማህበር ግን ደውሎ የከሰሰ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። «ቤተ ክርስቲያን ትሂድልኝ» ነው የሚሉኝ።

ሐቁን ላለመደበቅ ሌላውንም ልንገራችሁ። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የገቡ ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። የዘር ማህበር አባላት ከጊዜ በኋላ «የነሱ ማግኘት የኛ ማጣት ነው» የሚል ስሜት እንደጨመረባቸው አሳይቷል። ይህን እየጠቀሱ የሚከራከሩኝ ባልደረቦች አሉ። ገጹን ሲገለብጡት ግን ተመሳሳይ ነገር የወንድማማች ክበብ ውስጥ በገቡ ነጭ ተማሪዎች ላይም መታየቱን አይነግሩኝም። እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ማህበሩ በሩን ዘግቶ ብቻውን ከዋለ ይመርራል። ስለዚህ በጀት ሲጠይቁኝ «ከማን ጋር ነው የምታዘጋጁት?» እላለሁ። ብቻችንን ካሉኝ ፊቴን አጠቁራለሁ።

ጥናቱን ተዉት፤ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። የምህንድስና ተማሪ ናት። አባቷ ስትገባ ቃል አስገብተዋታል፤ የሐበሻ ማህበር አትደርስም። ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች። ምሳዋን በፌስታል ይዛ ዶርም ገብታ ትበላለች። የክፍሏ ልጅ ከኅዳር ጀምሮ ጓደኛዋ ጋ ማደር ስለጀመረች ክፍሉ የሷ ብቻ ሆነ። የካቲት ላይ ትምህርት ለማቋረጥ ፎርም ይዛ መጣች። ቢሮ ተሳስታ ነው እኔ ጋ የገባችው። ፎርሙን ተቀብዬ ሳየው ስሟን አነበብኩና በአማርኛ «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። አለቀሰች። ለአምስት ወር አማርኛ የሰማችው በስልክ ብቻ ነበር። ከሐበሻ አልዋለችም። ከማንም አልዋለችም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማህበሩ ቡና ያፈላ ነበር፤ ሄደች። በቀጣዩ ዓመት የማህበሩ ጸሐፊ ሆነች። የቅርብ ጓደኛዋ አሁን የቬትናሙ ማህበር ልጅ ናት። የተዋወቁት አንድ አዳራሽ ለአንድ ቀን ሁለቱም አስይዘው ሲጣሉ ነው። ቃሉን ያስገቧትን አባት በስልክ አግኝቻቸው ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ እሑድ የት ይውላሉ?» አልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን ነዋ።» «ዕድር አለዎት?» «አለኝ።» «ዕቁብስ?» ዝም አሉ። ቆይተው ሳቁ። እሳቸው ኤርፖርት ውስጥ ከሃያ አገር ሰው ጋር ነው የሚሠሩት። ዕድሩ ከማንም አላገላቸውም። ሰኞ ሥራ የሚገቡበትን ጉልበት ነው የሰጣቸው።

«ፖለቲካ ነው»

ይህን በትዕግሥት ነው የምሰማው። «የተማሪ ማህበር» የሚለው ቃል በኛ ወላጆች ጆሮ ሌላ ድምፅ አለው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡትን፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የነበሩትን የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማህበራት፣ ከዚያ በኋላ በቀይ ሽብር ያለቀውን ወጣት ያስታውሳሉ። ወንድሙ ያልተመለሰለት ሰው ስለ ማህበር ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ግን የልጆቹን ቃለ ጉባኤ አንብቤዋለሁ። ዋናው አጀንዳ የድምፅ ማጉያ ኪራይ ነው። አገር ቤት የሚሆነው አይነካቸውም ማለቴ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የኛ ማህበር ልጆች ተኮራርፈው ሁለት ወር ስብሰባ አልተጠራም። እኔ ጠራኋቸው። አርባ ደቂቃ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አንዷ «የሚያዝያውን አዳራሽ ልንሰርዝ ነው ወይስ ምንድነው?» አለች። ወሬው በአዳራሹ በኩል ተጀመረ። አልታረቁም፤ አብረው መሥራት ግን ቀጠሉ። ይህን እኛ ትልልቆቹ ብዙ ቦታ አቅቶናል።

«ዩኒቨርሲቲው ለአንዳንድ ዘሮች ገንዘብ ያድላል»

ገንዘቡ ሁሉም ተማሪ በየሴሚስተሩ ከሚከፍለው የተማሪ እንቅስቃሴ ክፍያ ነው የሚመጣው። የቼዝ ክለቡም፣ የወግ አጥባቂዎቹም፣ የሐበሻውም ለአንድ ኮሚቴ ያመለክታሉ። ዊስኮንሲን ውስጥ ተማሪዎች «ለማልስማማበት ማህበር ለምን እከፍላለሁ?» ብለው ከስሰው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ክፍፍሉ በአመለካከት እስካላዳላ ድረስ ክፍያው ሕጋዊ ነው አለ። ስለዚህ ማህበሩ ገንዘብ ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዘር አይደለም። ማመልከቻውን ያስገቡት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

«አሁን እኮ በሕግ ተከልክሏል»

እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ዘርን በተማሪ ቅበላ መመዘኛነት ስለመጠቀም ነው። ስለ ክበብ አይደለም። ቴክሳስ ከጥር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግም የዘጋው የዩኒቨርሲቲዎቹን የብዝኃነት ቢሮዎች ነው፤ የተመዘገቡ የተማሪ ማህበራትን ለይቶ ትቷቸዋል። ጉዳት የለም ማለት ግን አይደለም። ቢሮው ሲዘጋ ከቢሮው በጀት የሚደገፉት ማህበራት ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ማህበር ከመዝጋታችሁ በፊት የራሳችሁን ግቢ መመሪያ አንብቡ።

አመራር ለምትሆኑ ልጆች ደግሞ፣ ጠይቃችሁኝ ባይሆንም፣ ልናገር። በየዓመቱ ማህበሩን እንደገና አስመዝግቡ፤ አንድ ዓመት ከዘለላችሁ አዳራሽም በጀትም የለም። አዳራሽ ከስድስት ወር በፊት ያዙ። ከራሳችሁ ኪስ አውጥታችሁ «በኋላ ይተካልኛል» አትበሉ፤ መጀመሪያ አስፈቅዱ። ስሙን «የሐበሻ» ነው ወይስ «የኢትዮጵያና የኤርትራ» ነው በሚለው አንድ ሙሉ ሴሚስተር አትጨርሱ። አይቼዋለሁ፣ አያልቅም። አዲስ ልጅ ስብሰባ ላይ ሲመጣ እርስ በርሳችሁ ብቻ አትቀላለዱ፤ ስሙን ጠይቁት፣ አማርኛ ይችል እንደሆነም አትፈትኑት።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ርክክብ አድርጉ። ቁልፍ፣ ሒሳብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ ከሁሉም በላይ ፓስዎርድ። እኔ ጋ ያለ አንድ ማህበር ኢሜይሉን መክፈት ካቃተው አራት ዓመቱ ነው። ፓስዎርዱን የሚያውቀው የተመረቀ ልጅ ብቻ ነው። ስልክ አያነሳም።