የማነጣጠሪያ አሰላለፍ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ጦሳ ተራራ ያዞረ ሰው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን ከተራራው አናት ትይዩ ቢያቆም የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ ግማሹን በገዛ ዓይኑ አየው ማለት ነው። ጣቱን ሲመለከት የጥፍሩ ጠርዝና በቆዳው ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ጥርት ብለው ይታዩታል፤ ጦሳ ግን ጉም እንደ ወረደበት ሁሉ ይደበዝዛል። ዓይኑን ወደ ተራራው ሲልክ ደግሞ ተራራው ይጠራና ጣቱ ይፈዛል። ሁለቱን በአንድ ቅጽበት እኩል አጥርቶ ማየት የሚችል የሰው ዓይን የለም። በሽጉጥ ዒላማ ውድድር የሚቆም ተኳሽ በእያንዳንዱ ጥይት ላይ የሚገጥመው ምርጫ ይኸው ነው፤ የሚመርጠውም ብዙ ሰው የሚገምተውን አይደለም። ዒላማው እንዲደበዝዝ ይተወዋል፤ ዓይኑን የሚያሳርፈው በሽጉጡ ጫፍ ላይ ነው።

የማነጣጠሪያ አሰላለፍ የሚባለው በሽጉጡ ላይ ያሉት ሁለት ማነጣጠሪያዎች ከተኳሹ ዓይን ጋር አንድ መስመር ሲይዙ ነው። ከአፈሙዙ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ብረት አለ፤ እሱ የፊት ማነጣጠሪያ ነው። ወደ ተኳሹ በኩል ደግሞ መሐሉ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ የኋላ ማነጣጠሪያ አለ። የፊተኛው ብረት በኋለኛው ክፍተት መካከል ሲገባ በግራና በቀኙ እኩል የሆነ ቀጭን ብርሃን መታየት አለበት፤ አናቱም ከኋለኛው ሁለት ትከሻዎች ጋር አንድ ወጥ አግድም መስመር መሥራት አለበት። ብርሃኑ በአንድ ወገን ከጠበበ ጥይቱ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የፊተኛው አናት ከትከሻዎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጥይቱም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እስካሁን ስለ ዒላማው አንድም ቃል አልተነሣም፤ አሰላለፍ በመሣሪያውና በዓይን መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ዒላማው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በወሎ ገጠር በሠርግና በፉከራ መሐል «አልሞ ተኳሽ» የሚለው ውዳሴ እስከ ዛሬ ይሰማል። ቃሉ ራሱ ቅደም ተከተሉን ይናገራል፤ ማለም ይቀድማል፣ መተኮስ ይከተላል። አያቴ ተሁለደሬ ውስጥ ጠመንጃ ይዘው ያደጉ ሰው ነበሩ፤ በልጅነቴ በባዶ ጠመንጃ ሲያሳዩኝ «ጫፉን ያዘው እንጂ ዒላማው የትም አይሄድብህም» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የሽጉጥ ተኩስን ትምህርት ሳነብ፣ አሠልጣኞች ብዙ ገጽ ጽፈው የሚያስረዱት ነገር በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለ ገባኝ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የውድድሩን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦሊምፒክ ከሚካሄዱት የሽጉጥ ውድድሮች ለማስረዳት የሚቀለው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ነው፤ ለወንዶችም ለሴቶችም ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ሽጉጡ ባሩድ የለውም፤ በታመቀ አየር ኃይል 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የእርሳስ ጥይት ይገፋል። ተኳሹ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብቻ ይዞ፣ በማጣሪያው ዙር 60 ጥይት ይተኩሳል። ዒላማው ላይ ያለው ጥቁር ክብ 59.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው የመሐሉ ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ከትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፤ ርቀቱ ግን አሥር ሜትር፣ ማለትም አሥር ሰፋፊ እርምጃ ያህል ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ እኔ በበኩሌ የዚህ ስፖርት ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ተኳሹ ሊሳሳት የሚችለው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት፣ ማነጣጠሪያዎቹ በትክክል እንደተሰለፉ እጁና ሽጉጡ አንድ ላይ ወደ ጎን ሲዋልሉ የሚፈጠር ነው። ሽጉጡ አቅጣጫውን ሳይለውጥ አምስት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ቢንሸራተት፣ ጥይቷም ዒላማው ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። በውድድሩ ደንብ ጥይቷ የክቡን መስመር ከነካች የላይኛው ነጥብ ስለሚያዝ፣ የጥይቷ መሐል ከዒላማው መሐል እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ቢርቅ እንኳ አሥር ነው። ስለዚህ ይህ ተኳሽ እጁ እየዋለለም አሥር አገኘ።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ሌላ ነው። እጁ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የፊት ማነጣጠሪያው በኋለኛው ክፍተት ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ሸሸ እንበል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አሥር ሜትር የዚያ 28 ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ዒላማው ላይ ስትደርስ 28 ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። ውጤቱ ሰባት ነው። በእጅ ውስጥ የማይታወቅ መዛነፍ ሦስት ነጥብ ወሰደ፤ ዓይን በግልጽ ያየው የእጅ መዋለል ግን ምንም አልወሰደም። ጀማሪ ተኳሽ ይህን ስለማያውቅ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ እጁን በግድ ለማቆም ይታገላል፣ ዓይኑን ዒላማው ላይ ይተክላል፣ ሽጉጡም ሳያየው በእጁ ውስጥ ይዛነፋል።

ዓይን በፊት ማነጣጠሪያው ላይ የሚያርፍበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። በእጥፍ የሚባዛው ስሕተት ሽጉጡ ላይ ስለሚፈጠር፣ ጥራቱ የሚያስፈልገውም እዚያው ነው። ዒላማው ደብዝዞ እንደ ጥቁር ጥላ ቢታይ ጉዳት የለውም። ብዙ ተኳሾች እንዲያውም ጥቁሩን ክብ መሐሉን አያልሙትም፤ ጥቁር ብረት በጥቁር ክብ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ይጠፋልና። ከክቡ በታች ባለው ነጭ ቦታ ላይ ያልማሉ፤ ጥይቷ ወደ መሐል ከፍ ብላ እንድትመታም የኋላ ማነጣጠሪያውን በብሎን ያስተካክላሉ። በነጭ ላይ የቆመ ጥቁር ብረት በግራና በቀኙ ያለውን ብርሃን አጉልቶ ያሳያል። የሚያልሙትም በአንዲት ነጥብ ላይ ሳይሆን በአንድ መጠነኛ ቦታ ውስጥ ነው፤ ሽጉጡ በዚያ ቦታ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲዋልል ይፈቅዱለታል።

አሰላለፍ በዓይን ይታያል እንጂ የሚሠራው በእጅ ነው። የውድድር ሽጉጥ እጀታ በአብዛኛው ከእንጨት የሚሠራው፣ በተኳሹ መዳፍ ልክም የሚሞረደው፣ የሚጠብበው ወይም በማጣበቂያ የሚሞላው ለዚህ ነው። ግቡ ክንድ ተነሥቶ ዓይን ሲገለጥ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ማስተካከያ ሳያስፈልጋቸው ተሰልፈው እንዲገኙ ነው። ደንቡ እጀታው የእጅ አንጓን እንዳይደግፍ ይከለክላል፤ ሽጉጡም ከነእጀታው ከ1,500 ግራም መብለጥና 42 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሣጥን መትረፍ የለበትም። አንጓው መቆለፍ ያለበት በተኳሹ በራሱ ጡንቻ ነው። ቡና አፍልታ ከጀበና ወደ ሲኒ የምትቀዳን እናት እጅ ያስተዋለ ሰው አንጓ መቆለፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ክንዷ ይንቀሳቀሳል፣ አንጓዋ ግን ስለማይነቃነቅ የቡናው ክር አይቆረጥም።

ይህ የእጅ ትምህርት ከባዶ ሊጀመር እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያሳየው የሃንጋሪው ካሮይ ታካች ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን ጎዳው። ታካች በግራ እጁ ለመተኮስ ራሱን አስተማረ፤ በ1948 ለንደን ላይ፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በ25 ሜትር የፈጣን ተኩስ ሽጉጥ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ።

አሰላለፍ በብዛት የሚፈርሰው ምላጩ ሲሳብ ነው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የምላጩ ክብደት ከ500 ግራም ማነስ የለበትም፤ ዳኞች ግማሽ ኪሎ መመዘኛ ምላጩ ላይ አንጠልጥለው ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ ላይ እንደሆነ ያነሡታል፣ ምላጩ ከለቀቀም ሽጉጡ አያልፍም። ግማሽ ኪሎ ቡና በአንድ ጣት ማንሣት ቀላል ነው። ያን ኃይል አንድ ኪሎ ገደማ በሚመዝን፣ በአየር ላይ በአንድ እጅ በተያዘ መሣሪያ ላይ ማሳረፍ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ጣቱ በትንሹ ወደ ጎን ቢገፋ የፊት ማነጣጠሪያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ለመሸሽ አይቸገርም። ስለዚህ ጣቱ ከሌላው እጅ ተነጥሎ ቀጥታ ወደ ኋላ፣ እየጨመረ በሚሄድ ግፊት ይስባል። «አሁን!» ብሎ ድንገት የሚስብ ሰው ጣቱን ብቻ አያዝዝም፤ መዳፉ በሙሉ ይጨመደዳል፣ ጥይቷም ወደ ታችና ወደ ጎን ትሄዳለች።

የቀረው ትንፋሽና ትዕግሥት ነው። ተኳሹ አየር ስቦ ክንዱን ከዒላማው በላይ ያነሣል፣ ትንፋሹን በከፊል እየለቀቀ ወደ ታች ያወርዳል፣ ከዚያም ትንፋሹን ያዝ አድርጎ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይተኩሳል። ከቆየ ዓይኑ ይደክማል፣ እጁም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሽጉጡን አውርዶ እንደገና መጀመር የልምድ ምልክት ነው። በኤሌክትሮኒክ ዒላማ ለ60 ጥይት የሚሰጠው 75 ደቂቃ ስለሆነ፣ ተኳሹ ያልተሰለፈን ጥይት ለመተው ጊዜ አለው።

በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ከቱርክ የመጣው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ ተራ መነጽር ብቻ አጥልቆ ሲተኩስ የታየው ፎቶግራፍ በየስልካችን ዞሮ ነበር። በ51 ዓመቱ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን ብር አገኘ። እጅን ኪስ ውስጥ መክተት ብዙ ሰው እንዳሰበው ቸልተኝነት አይደለም፤ ነፃው ክንድ ተወዛውዞ ሰውነትን እንዳያናጋ የሚደረግ የተለመደ ዘዴ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ብር ያገኘችው ኮሪያዊቷ ኪም ዬ ጂ ደግሞ በአንድ ዓይኗ ላይ ልዩ መስተዋት፣ በሌላው ላይ መከለያ አድርጋ ነበር። መከለያው ያንን ዓይን ሳያስጨፍን ዕይታውን ብቻ ያግዳል፤ አንዱን ዓይን በግድ መጨፈን የሌላውንም ጡንቻ ያደክማልና። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ቅርብ ያለን ነገር ማጥራት ስለሚቸግረው፣ የተኩስ መነጽሩ የሚለካው ዒላማውን ሳይሆን የፊት ማነጣጠሪያውን አጥርቶ እንዲያሳየው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው የነበረውን ድምፅ የሰማ ሰው ስለ ተኩስ በስፖርት ስም ማንበብ ሊከብደው እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔንም ከብዶኛል። ይህን የምጽፈው ዒላማው ወረቀት የሆነ፣ ማንንም የማያስፈራ፣ ሙሉ ትኩረቱ ራስን በማረጋጋት ላይ የሆነ ጥበብ ስለሆነ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ በመሆኑም፣ መጀመር የሚፈልግ ሰው ሕጋዊ ፈቃድና አሠልጣኝ ሳይኖረው መሣሪያ መንካት የለበትም።

ፈቃድ ባለው ቦታ የሚሠለጥን ጀማሪ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ጥይትና ያለ ዒላማ ቢያሳልፍ እመክራለሁ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ በሁለት ሰው ይረጋገጣል፤ ከዚያ ምንም ነገር ያልተለጠፈበት ነጭ ግድግዳ ፊት ይቆማል። የሚያይበት ክብ ስለሌለ ዓይኑ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ጥቁሩ ብረት፣ በግራና በቀኙ ያለው ብርሃን፣ ከላይ ያለው አግድም መስመር፣ ይኸው ነው። ምላጩን ቀስ ብሎ ሲስብና «ቀጭ» ሲል ብረቱ ዘልሎ እንደሆነ ወይም በቦታው ቆሞ እንደሆነ ያያል። ከድምፁ በኋላም ክንዱን ወዲያው አያወርድም፤ ለአንድ ሁለት ሰከንድ እዚያው ይዞ፣ ብርሃኑ በሁለቱም ወገን እኩል እንደሆነ መመልከቱን ይቀጥላል።