ፎኖ ፕሪአምፕ ምንድን ነው?

የሸክላ ማጫወቻ የገዛ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ዋት አምፕሊፋየር ልግዛ?» ብሎ ነው። ከዋቱ በፊት ግን ፎኖ ፕሪአምፑ፣ ማለትም ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ አሳድጎና አስተካክሎ ለአምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ክፍል፣ የቱ ጋ እንዳለ ይጠየቅ። እሱ ከሌለ ስፒከሩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ድምፁ ደካማና ባስ አልባ ነው።

መርፌው በሸክላው መስመር ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። መርፌው የተተከለበት ትንሽ ዕቃ፣ ካርትሪጁ፣ ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። የሚያወጣው ግን በጣም ትንሽ ነው። በየማጫወቻው ላይ የምናገኛቸው ኤምኤም የሚባሉት ካርትሪጆች ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ቢሰጡ ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ፎኖ ፕሪአምፕ ያቺን ትንሽ ኃይል 100 እጥፍ ገደማ ያሳድጋታል።

ማሳደግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቮልዩም መጨመር በበቃ ነበር። ትልቁ ሥራው ሌላ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ ይሰፋና ሸክላው ብዙ ደቂቃ አይይዝም፤ መርፌውም ይዘላል። ቀጫጭን ድምፆች ደግሞ ከፍ ተደርገው ይቀረጻሉ። ሲጫወት መልሰው ሲቀነሱ የሸክላው ፍሽፍሽታ አብሮ ይቀንሳል። ይህ አቀራረጽ አር አይ ኤ ኤ ይባላል፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተለመደው ልኬት እሱ ነው። ፕሪአምፑ የተቀነሰውን ይመልሳል፣ የተጨመረውን ይቀንሳል። በ20 ኸርዝ ያለውን ባስ ከመካከለኛው ድምፅ አንጻር ወደ 9 እጥፍ ያነሳዋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመረው አምሃ ሪከርድስ የወጡትን የአገራችን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ለመስማትም ተራ ፕሪአምፕ ይበቃል።

ታዲያ የት ይገኛል? አንዳንዴ ማጫወቻው ውስጥ ነው። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ ያሉት «ፎኖ» (የውስጡ ፕሪአምፕ ሲጠፋ) እና «ላይን» (ሲበራ) የሚል ስዊች አላቸው። የቆዩ አምፕሊፋየሮች (አምፖች) ደግሞ ከኋላቸው «ፎኖ» የተጻፈበት መሰኪያ አላቸው፤ አጠገቡ ያለችው ትንሽ ብሎን ከማጫወቻው የሚመጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ የሚታሰርባት ናት። ሽቦዋ ካልታሰረች «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ጋ ከሌለ ለብቻው ትንሽ ሳጥን ይገዛል። ሁለት ፕሪአምፕ ግን አይደራረብ፤ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው እኔ የምመክረው ፕሪአምፕ ያለው ማጫወቻና አምፕ ውስጣቸው ያለ ስፒከሮች ነው። ሌላ አምፕ አያስፈልግም። ትንሽ የተሻለ አቅም ካለ፣ ፎኖ መሰኪያ ያለው ጤነኛ አሮጌ አምፕ ከሁለት መለስተኛ ስፒከሮች ጋር ይበልጣል። ለአንድ ሳሎን 30 ዋት ይበቃል፤ ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ሳያዩ 220 ላይ አይሰኩት። አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ትራንስፎርመር ቢደረግላቸው እንኳ በእኛ 50 ኸርዝ ዘገም ብለው ነው የሚዞሩት።