ሺቭታ፦ ስለ በረሃ መንደር ቁፋሮ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ሺቭታ በእስራኤል ኔጌብ በረሃ ከቤርሳቤህ በስተደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በባይዛንታይን (በምሥራቅ ሮማ መንግሥት) ዘመን ሦስት አብያተ ክርስቲያናት የነበሯት የገበሬዎች መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኔስኮ ከሌሎቹ የኔጌብ ጥንታዊ ከተሞች ከሐሉጻ፣ ከማምሺትና ከአቭዳት ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ግድግዳዎቿ እስከ ዛሬ ስለቆሙ ጎብኚው ሁሉን ያየ ይመስለዋል፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«ቆፋሪ የሚፈልገው ወርቅ ነው»

ከወርቅ ይልቅ የሚፈልገው የቆሻሻ ክምር ነው። ቤት ሲለቀቅ ይጠረጋል፣ የሚረባው ዕቃ ይወሰዳል፤ የተጣለው ግን በቦታው ይቀራል። አመድ፣ ለማገዶ የነደደ የፍየል በጠጥ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የወይን ዘር፣ አልፎ ተርፎም ከቀይ ባሕር የመጣ የዓሣ አጥንት በኔጌብ ክምሮች ውስጥ ተገኝቷል።

ይህ በአካፋ አይወጣም። ከእያንዳንዱ ንብርብር ከ10 እስከ 20 ሊትር አፈር በባልዲ ይወሰድና ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ከሰል የሆነው ዘር ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ጨርቅ ይጠለላል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማድረቅ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ፈጥኖ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ዘሩም ስንዴ ይሁን ገብስ መለየት ያቅታል። ስለዚህ የሚደርቀው በጥላ ነው።

«ከወለሉ ሥር የተገኘ ሳንቲም ወለሉ የተሠራበትን ዓመት ይናገራል»

ከወለሉ ሥር ተቀብሮ የተገኘ ሳንቲም የሚናገረው ወለሉ ከእሱ በፊት አለመነጠፉን ብቻ ነው። የዘመኑ የነሐስ ሳንቲም ለረጅም ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖር ነበር። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጉድጓድ ነው። ኋላ የመጣ ሰው ወለሉን በስቶ ከቆፈረ፣ የጉድጓዱ አፈር በቀለሙና በልስላሴው ተለይቶ አስቀድሞ መውጣት አለበት። ያ ካልሆነ የ8ኛው መቶ ዘመን ስባሪ ከ5ኛው ጋር በአንድ ከረጢት ይገባል። አንዴ የተደባለቀ ደግሞ ተመልሶ አይለይም፤ ቁፋሮ የቆፈረውን ያጠፋልና።

«ካርቦን 14 ዓመቱን ቁርጥ አድርጎ ያወጣል»

ይህ የቅሪቶችን ዕድሜ የመለኪያ ዘዴ የሚሰጠው ከዚህ እስከዚያ የሚል የዓመታት ክልል ነው። ናሙናው ራሱም ሊያሳስት ይችላል። በበረሃ እንጨት ውድ ስለሆነ የጣሪያ ወራጅ ከቤት ወደ ቤት ይዛወራል፤ እሱ ቢመረመር ዛፉ ያደገበትን ዘመን እንጂ ቤቱ የተሠራበትን አይነግርም። በአንድ ዓመት የሚበቅል የእህል ወይም የወይን ዘር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«በረሃው ያኔ ለምለም ነበር»

ያኔም ደረቅ ነበር። ዛሬ በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወይን ያበቀለው የገበሬው ብልሃት ነው። ዝናብ ሲመታው የአፈሩ ገጽ ይደድርና ውኃው ሳይሰርግ ይፈሳል። ገበሬው ይህን ጎርፍ ከኮረብታው በቦይ እየመራ በእርከን ያቆመው ነበር። ለአንድ ሄክታር እርሻ ከ20 እስከ 30 ሄክታር ተዳፋት ያስፈልግ ነበር። ማዳበሪያው ደግሞ በድንጋይ የርግብ ቤቶች የሚጠራቀም ኩስ ነው።

«ዓረቦች ሲመጡ አወደሟት»

ይህ አባባል በጣም ሥር ሰድዷል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በጎረቤት ከተማ በሐሉጻ የተደራጀው የቆሻሻ አወጋገድ የቆመው በ6ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ ከእስልምና መምጣት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ለዚህም የዘመኑ ወረርሽኝ፣ የአየር ለውጥና የወይን ገበያ መቀዝቀዝ ይጠቀሳሉ። በሺቭታ መስጊዱ የተሠራው ከደቡቡ ቤተ ክርስቲያን ጎን፣ ማጥመቂያውን ሳይነካ ነው። ብዙ የቤት በሮችም በድንጋይ በሥርዓት ተደፍነው ነው የተገኙት። እሳት የሸሸ ሰው በሩን እንዲህ አይገነባም።

«እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተቆፍራ አልቃለች»

በዚያን ጊዜ የአርኪዮሎጂስቱ የኮልት ቡድን ብዙ ሕንጻዎችን ጠርጎ ቢያወጣም ውጤቱ በሙሉ አልታተመም። ያኔ ያልተነኩ ክምሮች ዛሬም መልስ ይሰጣሉ። በሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ማጥመቂያ ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ሥዕል እንዳለ ከቀድሞ ይታወቅ ነበር። አጭር ጠጉሩ የተጠቀለለ ወጣት የክርስቶስ ፊት መሆኑ የታተመው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።