በእጅ የሚሠሩ ካርዶች፦ ማኅተም፣ ስቴንስልና ቀለም

በማኅተም፣ በስቴንስልና በቀለም የሚሠራ የሰላምታ ካርድ በሥዕልና በኅትመት መካከል የሚገኝ የእጅ ጥበብ ነው። ሠሪው ምስሉን በየካርዱ እንደ አዲስ አይሥለውም፤ በጎማ ወይም በፕላስቲክ ላይ የተቀረጸውን ቅርጽ ደጋግሞ ያትማል፣ ወይም በተቆረጠ ሉህ ክፍተት በኩል ቀለም ያሳልፋል። ይሁን እንጂ የእጁ ጫና፣ የቀለሙ መጠንና የወረቀቱ ጠባይ በየጊዜው ስለሚለያዩ፣ ከአንድ ማኅተም የወጡ ሃያ ካርዶች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ጀማሪዎች ገንዘባቸውን አብዛኛውን ጊዜ ማኅተም በማብዛት ላይ ያውላሉ፤ የካርዱን መልክ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር መስማማቱ ነው።

የሰላምታ ካርድ የንግድ ዕቃ ሆኖ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1843 እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል ለገና በዓል የሚላክ ካርድ ሠዓሊው ጆን ካልኮት ሆርስሊ እንዲሥልለት አዘዘ፤ አንድ ሺህ ያህል ቅጂ በሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ በሚታተም ዘዴ) ከታተመ በኋላ በእጅ ቀለም ተቀብቶ አንዱ በአንድ ሺሊንግ ተሸጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው ዉስተር ከተማ አስተር ሃውላንድ የምትባል ሴት በዳንቴል መልክ ከተበሳ ወረቀትና ከባለቀለም ሥዕሎች የቫለንታይን ካርድ ማዘጋጀት ጀመረች። የቀጠረቻቸው ሴቶች ሥራውን ተከፋፍለው አንዷ ስትቆርጥ ሌላዋ ትለጥፍ ስለነበር፣ የእጅ ካርድ ገና ከጥንስሱ ከፋብሪካ አሠራር እጅግ የራቀ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ልማድ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማና ዕለት ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ በወረቀት ላይ እየሣሉና በደማቅ ቀለም እያስጌጡ ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ፤ ተቀባዩም ሳንቲም ወይም ብር ይሰጣቸዋል። ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲጨፍሩ የወንዶቹ ድርሻ ይህ ሥዕል ነው። ሥዕሉ እንደ ካርድ በፖስታ ባይላክም በዓልን ምክንያት አድርጎ በእጅ ተሠርቶ ለታወቀ ሰው የሚሰጥ መሆኑ አንድ ያደርጋቸዋል። ሠፈሩን በሙሉ ሊያዳርስ የሚያስብ ልጅ የሚገጥመው ችግር፣ ማለትም አንዱን ሥዕል ሳይሰለቹ ደጋግሞ መሥራት፣ ማኅተምና ስቴንስል የሚያቃልሉት ችግር ነው።

የጎማ ማኅተም የተገኘው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የማጠንከርን ዘዴ ካገኘ በኋላ ነው። በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መሠራት ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች የጥርስ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሰካበትን የጎማ ድድ ለማጠንከር ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ትንንሽ ምድጃዎች ለማኅተም አውለዋቸዋል። ዕቃው ለቢሮ የተፈጠረ ቢሆንም ሠዓልያን ፈጥነው ወደዱት። ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስ በ1919 የቢሮ ማኅተሞችን ከእርሳስ መስመር ጋር እያዋሃደ ሥዕል ሠርቶባቸዋል፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ደግሞ ሥራዎቻቸውን በፖስታ ይለዋወጡ የነበሩ አርቲስቶች ኤንቨሎፑን ሳይቀር በራሳቸው ማኅተም ይሞሉት ነበር። በአፍሪካ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም የማተም ባህል አለ። በጋና ከኩማሲ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ንቶንሶ የአዲንክራ ጨርቅ ሠሪዎች ከቅል ስባሪ ላይ ምልክት ይቀርጹና ከዛፍ ልጥ ተቀቅሎ በወፈረ ጥቁር ቀለም እየነከሩ በጨርቅ ላይ ያትማሉ።

ዛሬ በገበያ የሚገኙት ማኅተሞች በእንጨት ላይ የተለጠፉ ቀይ ወይም ግራጫ ጎማዎች፣ አልያም በአክሪሊክ መያዣ ላይ እየተጣበቁ የሚነሡ ግልጽ የፖሊመር ማኅተሞች ናቸው። ግልጹ የሚያርፍበትን ቦታ አሻግሮ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይመቻል፤ ጎማው ግን ቀለምን ይበልጥ እኩል አድርጎ ይይዛል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ማኅተሙን በቀለም ስፖንጁ ላይ ከመጫን ይልቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስፖንጁን በላዩ መታ መታ ማድረግ ይሻላል፤ ጠርዞቹ ቀለም እንዳይጠጡ ያደርጋል። ሲታተምም ቀጥ አድርጎ መጫን እንጂ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ አይገባም።

የራሱን ማኅተም መቅረጽ ለሚፈልግ ድንችም ላጲስም ያገለግላል፤ ድንች በአንድ ቀን ይጠወልጋል፣ ላጲስ ግን በሹል ካተር በጥንቃቄ ከተቀረጸ ለዓመታት ያትማል። በግእዝ ፊደል ለሚቀርጽ ሰው ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ነገር አለ። ማኅተም ሁሉን ነገር ገልብጦ ስለሚያትም ፊደሉ በላጲሱ ላይ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ መቀረጽ አለበት። በላቲን ፊደል ይህ ሲዘነጋ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ በእኛ ፊደል ግን ሌላ ትክክለኛ ፊደል ሊሆን ይችላል። የ«ሳ» ረጅም እግር በስተቀኝ ነው፤ ተገልብጦ ሲታተም ወደ ግራ ይሄድና «ሶ» ይሆናል፣ «ባ»ም እንዲሁ ወደ «ቦ» ይለወጣል። ቀላሉ መፍትሔ ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ጽፎ፣ ወረቀቱን በፊቱ ላጲሱ ላይ ደፍቶ ጀርባውን ማሸት ነው፤ እርሳሱ ራሱ ተገልብጦ ያርፋል።

ስቴንስል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ቃል አይደለም። ፎቶ ኮፒ ከመስፋፋቱ በፊት በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት የፈተና ወረቀትና ማስታወቂያ በታይፕ ስቴንስል ላይ ተመትቶ በማባዣ ማሽን ይባዛ ነበር። የካርድ ሠሪው ስቴንስልም በመርሕ ያው ነው፦ ቀለም የሚያልፈው በተከፈተው ቦታ ብቻ ነው። የሚለየው ክፍተቱ ሰፊና በቢላዋ የተቆረጠ፣ ሉሁም ቀለም የማይጠጣ ፕላስቲክ መሆኑ ነው። አሮጌ የኤክስሬይ ፊልም ለዚህ ጥሩ ያገለግላል።

የስቴንስል ዋና ፈተና በዙሪያው የተቆረጠ ነገር ሁሉ መውደቁ ነው። ቀለበት ሲቆረጥ መካከሉ አብሮ ስለሚሄድ፣ ውስጡን ከውጩ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ድልድዮች መተው ያስፈልጋል። «መልካም አዲስ ዓመት» ብሎ ለሚቆርጥ ሰው «መ»፣ «ም» እና «ዓ» የተዘጋ ቀለበት ስላላቸው እያንዳንዳቸው ድልድይ ይሻሉ፤ «ል» እና «ት» ግን ያለ ምንም ድልድይ ይቆማሉ። ጃፓናውያን ለኪሞኖ ጨርቅ በሚጠቀሙበት ካታጋሚ በተባለ ስቴንስል ይህን ችግር በሚያስደንቅ መንገድ ፈትተውታል፦ ከእንጆሪ ቤተሰብ በሆነ ዛፍ ልጥ የተሠራና በካኪ ፍሬ ጭማቂ የጠነከረ ወረቀት ይቆርጡና፣ ደካማውን ክፍል በሁለት ሉሆች መካከል በሚወጠር ቀጭን የሐር ክር ይደግፉታል። ክሩ ከመቅጠኑ የተነሣ በጨርቁ ላይ ምልክት አይተውም።

ቀለሙ በስቴንስሉ ሥር እንዳይሾልክ ብሩሹ ወይም ስፖንጁ ደረቅ ሊባል እስኪቃረብ ድረስ መራገፍ አለበት። ማሸት የሚጀመረውም ከካርዱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ከተነጠፈው ቁራጭ ወረቀት ላይ ሆኖ፣ በክብ በክብ ወደ ውስጥ እየተገባ ነው፤ አለበለዚያ መጀመሪያ የነካበት ቦታ የማይጠፋ ነጠብጣብ ይሆናል።

ወደ ቀለም ስንመጣ በመጀመሪያ ሁለት ዓይነቶች መለየት አለባቸው። ዳይ ኢንክ የሚባለው በፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ቀለም ሲሆን ወደ ወረቀቱ ቃጫ ይሰርጋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በላዩ ሌላ ቀለም ሲደረብ ያሳያል፤ ነገር ግን ለብርሃን ሲጋለጥ ይደበዝዛል። ፒግመንት ኢንክ ደግሞ ያልሟሟ ደቃቅ ዱቄት ስለሚይዝ በወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፤ በጥቁር ወረቀት ላይ እንኳ ይታያል፣ ብርሃንንም ይቋቋማል፣ ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ካልተሞቀ ጨርሶ ላይደርቅ ይችላል። በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ ዳይ መጠቀም፣ ወይም በሚያብረቀርቅ ካርድ ላይ በፒግመንት አትሞ ወዲያው ኤንቨሎፕ ውስጥ መክተት የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው።

የታተመው መስመር በኋላ የሚቀባ ከሆነ፣ የመስመሩ ቀለም በሚቀባበት ፈሳሽ የማይሟሟ መሆን አለበት። በውሃ ቀለም ለሚቀባ ሥዕል ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር ይመረጣል፤ በአልኮል ማርከር ለሚቀባ ግን በፕላስቲክና በብረት ላይ የሚያትመው፣ በውሃ ፈንታ ሶልቨንት (ኬሚካላዊ ማሟሟቻ) ያለበት ቀለም ይለቅቃል፣ በውሃ ላይ የተመሠረተ ዳይ የተሻለ ይጸናል። ቀለማትን በስፖንጅ ማዋሃድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፦ ቢጫ ከብርቱካናማ ጋር ሲገናኝ ያምራል፣ ቢጫ ከሐምራዊ ጋር ሲደራረብ ግን ጭቃ የሚመስል ቡኒ ይወጣል።

ከቀለም ጋር የሚሄደው ሌላው ዘዴ በሙቀት የሚቀልጥ ዱቄት ነው። ቀስ ብሎ በሚደርቅ ቀለም የታተመው ምስል ላይ ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ትርፉ ተራግፎ ወደ ዕቃው ይመለስና የቀረው ሲሞቅ ቀልጦ ከፍ ያለ አንጸባራቂ መስመር ይሆናል። የፀጉር ማድረቂያ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ አይበቃም፣ ነፋሱም ዱቄቱን ያበንነዋል። በነጭ ዱቄት የታተመ ምስል ላይ ዳይ ቢታሽ ቀለሙ ወረቀቱን እንጂ የቀለጠውን መስመር ስለማይይዝ፣ በጨርቅ ሲጠረግ ነጩ ምስል ይወጣል።

ለካርዱ አካል በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይበቃል፤ የፎቶ ኮፒው 80 ግራም ወረቀት ቆሞ አይታይም። አንድ ኤ4 ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ሲታጠፍ ሁለት ኤ6 ካርዶች ይወጡታል። ወፍራም ወረቀት ሳይሰነጠቅ እንዲታጠፍ መታጠፊያው አስቀድሞ በደነዘዘ ነገር መሰመር አለበት፣ በተቻለ መጠንም ከወረቀቱ ቃጫ አቅጣጫ ጋር።

ካርዱ ለሽያጭ ከቀረበ የማኅተሙ ሥዕል የባለቤትነት መብት ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ማኅተም አምራቾች ኤንጀል ፖሊሲ በሚባለው የአጠቃቀም ፈቃዳቸው ገዢው በእጁ ያተመውን ካርድ በተወሰነ መጠን እንዲሸጥ ይፈቅዳሉ፤ ምስሉን በስካነር አንሥቶ በማተሚያ ማባዛትን ግን በአብዛኛው ይከለክላሉ። ከላጲስ ላይ የራሱን ሥዕል ቀርጾ ያተመ ሰው ይህ ገደብ አይነካውም።