በኖድ ጄኤስ የሶኬት ግንኙነት ሲበላሽ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ

ሜክሲኮም ይሁን አራት ኪሎ፣ ቢሮ ተቀምጦ በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው መሣሪያ) ሰርቨር የሚጽፍ ሰው የኔትወርክ መቆራረጥን ከመጀመሪያው አስቦበት መጻፍ አለበት። መብራት ይሄዳል፣ ራውተር ይጠፋል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ሪስታርት ይደረጋል።

ራያን ዳል እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ኖድ ጄኤስ የኔትወርክ ሥራውን የሚያሳውቀው በኢቨንት፣ ማለትም «ይህ ነገር ሆነ» በሚል ምልክት ነው። ሶኬት (ሁለት ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚነጋገሩበት የግንኙነት ጫፍ) ላይ ችግር ሲፈጠር «ኤረር» የሚባል ኢቨንት ይለቀቃል። እሱን የሚቀበል ሊስነር (ኢቨንቱ ሲመጣ የሚሠራ ኮድ) ከሌለ ፕሮግራሙ በሙሉ ይወድቃል፤ አንድ ደንበኛ በመቋረጡ ብቻ የሌሎቹም ሥራ አብሮ ይቆማል ማለት ነው። ትራይ ካች (ስህተትን ለመያዝ የሚጻፈው የተለመደ ኮድ) እዚህ ላይ አያድንም፣ ምክንያቱም ኤረሩ የሚመጣው ያ የኮድ መስመር ሠርቶ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ የኤረር ሊስነር ይኑረው።

የኤረሩን ኮድ ማንበብም ያስፈልጋል። «ኢኮንሪፊውዝድ» ማሽኑ ተገኝቷል፣ ፖርቱ (ፕሮግራሙ የሚገኝበት የበር ቁጥር) ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም እንደ ማለት ነው። «ኢኮንሪሴት» ከተገናኙ በኋላ ወዲያኛው ወገን በድንገት ሲዘጋው ይመጣል። «ኢኖትፋውንድ» ከሆነ የሆስቱ (የምንገናኘው ማሽን) ስም አልተገኘም፣ ብዙ ጊዜ ስሙ በስህተት ተጽፎ ስለሆነ ደጋግሞ መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

በጣም የሚከፋው ግን ምንም ኤረር የማይሰጠው ነው። መብራት ድርግም ሲል ወዲያኛው ኮምፒውተር ግንኙነቱን መዝጋቱን የሚያሳውቅ ፓኬት ለመላክ ጊዜ አያገኝም፣ የእኛ ሶኬት ደግሞ ሰው ያለ መስሎት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሊኑክስ ላይ ኪፕአላይቭ (ወዲያኛው ወገን አሁንም መኖሩን የሚፈትሸው) ቢበራ እንኳን፣ ካልቀየርነው በስተቀር የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። አዲስ ግንኙነት ስንሞክር መልስ ካጣንም ሊኑክስ ተስፋ የሚቆርጠው 2 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው፤ ሱቅ ቆሞ ክፍያው እስኪያልፍለት ለሚጠብቅ ሰው ይሄ በጣም ረጅም ነው። ስለዚህ ታይምአውቱን፣ ማለትም የምንጠብቀውን የጊዜ ገደብ፣ ራሳችን እንወስን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሶኬቱ «ሴትታይምአውት» ጊዜው ማለቁን ከመናገር በቀር ምንም አይዘጋም፣ «ዲስትሮይ» ብለን መዝጋት ያለብን እኛው ነን።

እንደገና መሞከሩም ሥርዓት ይፈልጋል። ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4 እያሉ መጠበቅ፣ ጣሪያም ማበጀት፣ በዚያ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ መጨመር። መስመር ሲመለስ ሁሉም ደንበኛ በአንዴ ከመጣ፣ ማታ ሜክሲኮ አንድ ታክሲ ብቅ ሲል እንደሚሆነው ግፊያ ነው፤ ገና የተነሳው ሰርቨር ተመልሶ ይወድቃል። ሙከራውን የምንጀምረው ሶኬቱ ሲዘጋ ከሚለቀቀው «ክሎዝ» ኢቨንት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከኤረር በኋላም ስለሚመጣ አንድ ቦታ ላይ መጻፉ ይበቃል።

ክፍያ ሲሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ አለው። ግንኙነቱ የተቋረጠው ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ፣ መልሱ ሳይደርሰን ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ካልተሰጠና ተቀባዩ ሰርቨር በዚያ ቁጥር የመጣን ድግግሞሽ ካልለየ፣ ጥያቄውን በራሱ እንዲደግም ማድረግ ደንበኛውን ሁለቴ ማስከፈል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ክፍያው እየተጣራ ነው» ብሎ ለደንበኛው መንገርና ሁኔታውን ለብቻ መጠየቅ ይሻላል።