ፍቺ፣ የንብረት ክፍፍልና የልጅ ቀለብ በኢትዮጵያ ሕግ

ባልና ሚስት ሊፋቱ ሲነሱ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤቱ በማን ስም ነው?» ብሎ ነው፣ ሕጉ ግን ከስሙ ይልቅ መቼና በምን ብር ተገኘ የሚለውን ነው የሚያየው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሰራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እነ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ በዋና ዋናው ነገር ግን ብዙም አይራራቁም። ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያፋቱት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አሁን ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም፣ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው እስኪ አስቡበት ብሎ እስከ 3 ወር ሊያቆያቸውም ይችላል።

ንብረቱ ጋ ስንመጣ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረህ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለብቻህ ያገኘኸው የግልህ ነው። ከዛ ውጪ በትዳር ውስጥ የተገኘው ደሞዙም፣ የሱቁ ትርፍም፣ ባንክ ያለውም የጋራ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር የግል ንብረት ገቢም የጋራ መሆኑን ነው፣ ማለትም አባትህ ያወረሱህ ቤት ያንተ ነው ግን በትዳራችሁ ጊዜ የተሰበሰበው ኪራይ የሁለታችሁ ነው። ካርታው ወይም ሊብሬው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻውን ምንም አያመጣም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ «የግሌ ነው» የሚለው ሰውዬ ራሱ ያስረዳ ነው የሚባለው። እጣው ከሰርግ በፊት ወጥቶ የባንክ እዳው ግን በትዳር ውስጥ ሲከፈል የኖረ ኮንዶሚኒየም ግን ያነታርካል፣ ቢያንስ ቢያንስ ከጋራ ኪስ ወጥቶ የተከፈለውን ብር መጠየቅ ይቻላል።

ችግሩ የሚመጣው ንብረቱ ከሁለቱም ስም ውጪ ሲሆን ነው። የማውቃት አንዲት ሴት ጅዳ 6 አመት ሰው ቤት ሰርታ በየወሩ ስትልክ ኖራ ስትመጣ ቤቱ ተሰርቷል፣ በሩ ሳይቀር አዲስ ነው፣ ካርታው ግን በባሏ ወንድም ስም። እዚህ ጋ የጋራ ነው የሚለው ግምት አይደርስላትም፣ ራሷ ናት ማስረዳት ያለባት። ደግነቱ የሀዋላ ደረሰኞቿን በሙሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣ ነበር፣ አንዳንዱ ቀለሙ ለቆ ባይነበብም ያንኑ ይዛ ነው እስካሁን የምትከራከረው።

ክፍፍሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ እኩል ለእኩል ነው። «ቤት እመቤት ነበረች ምን አመጣች» የሚለው ወሬ ችሎት ላይ አይሰራም፣ ሕገ መንግስቱም አንቀጽ 34 ላይ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ብሎ ጨርሶታል። ማገጠ ተብሎም ድርሻው አይቀነስም፣ ፍቺው በሱ ጥፋት የመጣ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ለብቻው ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። መጀመሪያ ለቤተሰቡ ተብሎ የተበደሩት እዳ ይነሳል፣ ከዛ የሚከፋፈለው ንብረት ይከፋፈላል፣ የማይከፋፈለው ደግሞ፣ ለምሳሌ አንድ ባለሁለት መኝታ ቤት፣ መሀንዲስ ይገምተውና አንዱ የሌላውን ግማሽ ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ላይ ሁለቱም ሲያዝኑ ነው ያየሁት። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩም ቢያንስ 3 አመት ከሞላቸው በዛ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ልጁ ማን ጋ ይሁን የሚለውን ዳኛው የሚወስነው የወላጆቹን ገቢ፣ እድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁን እድሜና ጥቅም አይቶ ነው፣ የድሮው ሕግ ከ5 አመት በታች ያለ ልጅ እናቱ ጋ ይሁን ይል የነበረው አዲሱ ላይ የለም፣ በተግባር ግን ህፃን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለእናቱ ነው የሚሰጠው። ሌላኛው ወላጅ ቀለብ ይቆረጥበታል፣ ልጁን የሚያይበት ቀንም ይወሰንለታል፣ «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» ግን አይቻልም፣ ቀለቡ የልጁ እንጂ የእናትየው አይደለም። ተስማምተው ቢፋቱ እንኳን ስምምነቱ ልጆቹን የሚጎዳ ከሆነ ዳኛው አስተካክላችሁ ኑ ይላል።

ስንት ይቆረጣል ለሚለው ከደሞዝ ይሄን ያህል ፐርሰንት የሚል ነገር የለም፣ የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው የሚታየው። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ አይደለም፣ ቤት፣ ልብስ፣ ህክምና፣ ትምህርትም ጭምር ነው። ስለዚህ በደፈናው «ኑሮ ተወዷል» ከማለት የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ፣ የሰርቪሱን፣ የወተቱን፣ የቤት ኪራይ ውሉን ይዞ መቅረብ ይሻላል። ነገሮች ከተቀየሩም ይጨመርልኝ ወይም ይቀነስልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል።

ውሳኔው በእጅ ከገባ በኋላ ነው ዋናው ልፋት፣ አፈፃፀም። ከፋዩ ተቀጣሪ ከሆነ መስሪያ ቤቱ ከደሞዙ እየቆረጠ እንዲከፍል ይታዘዛል፣ በአሰሪና ሠራተኛ አዋጁ ከአንድ ሶስተኛ በላይ ግን አይቆረጥም። ነጋዴ ወይም ደላላ ከሆነ ገቢውን ማግኘት እዳ ነው፣ መርሴዲስ እየነዳ «ስራ የለኝም» የሚል አለ። አውቆ ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። ጠበቃ መክፈል የማትችል እናት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጋ ሄዳ በነፃ ማማከር ትችላለች፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል አላቸው። ሳይከፈል የቀረ ቀለብ ካለ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ፋይሉን ማስከፈት ነው፣ 3 ወር ሳይጠየቅ ያለፈውን ውዝፍ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካላስረዱ በስተቀር ማስከፈል ይከብዳል።