«ብሉይ ኪዳንን አንብቤያለሁ» ለሚሉኝ

የአይሁድን ታሪክና ሃይማኖት በዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ ስል ወገኖቼ የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፦ «እሱንማ ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን!» መስማቱ ሰልችቶኛል።

አታውቁትም። በብዙዎቻችን አእምሮ የአይሁድ ታሪክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሲፈርስ ይቆምና በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲመሠረት እንደገና ይጀምራል። የትምህርታችን ትልቁ ክፍል ግን በዚያ መሃል ያለው ነው። የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና የተጠናቀረው በ200 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣውንና እሱን የሚያብራራውን የባቢሎን ታልሙድ በቀን አንድ ቅጠል የሚያነብ ሰው ለመጨረስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ፈላስፋ ማይሞኒደስ ታላቁን የፍልስፍና ሥራውን የጻፈው ግብፅ ተቀምጦ በዐረብኛ ነው። ካይሮ ውስጥ በአንድ ምኵራብ ጓዳ ከተገኙት ሰነዶች መካከል ከሕንድ ጋር ይነግዱ የነበሩ ሰዎች ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውልና የዕዳ ወረቀት ሳይቀር አለ። ይህ ሁሉ በየትኛው የብሉይ ምዕራፍ ይገኛል?

አንድ ዲያቆን ተማሪ ነበረኝ፤ ዳዊትን በቃሉ የሚያውቅ። መጀመሪያ የሰጠሁት የታልሙድ ገጽ ስለ ጠፋ ዕቃ ነበር፦ የተበተነ ገንዘብ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ይውሰደው ወይስ ያስነግር? ባለቤቱ ተስፋ መቁረጡስ በምን ይታወቃል? አንድም የሚያውቀው ታሪክ ስላጣበት ግራ ገባው። በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙትን የቁምራን ጥንታዊ ብራናዎች ስንጀምር ግን ክፍሉ ሁሉ እሱን ይጠይቅ ጀመር። እዚያ ሄኖክ በአራማይክ፣ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ቁርጥራጭ ሆነው ነው የተገኙት፤ ሁለቱም ሙሉ ሆነው የቆዩት በግዕዝ ብቻ ነው።

«ረቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) ለመሆን ነው» የሚሉም አሉ። የረቢ ትምህርት ቤቱ ሌላ ነው፤ እኛ ጽሑፉን ማን፣ መቼና ለማን ጻፈው ብለን እንጠይቃለን። አይሁዳዊ መሆንም አያስፈልግም።

«የመከራ ታሪክ ብቻ ነው» ለሚሉት፦ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድን ታሪክ ያስተማረው ሳሎ ባሮን ታሪኩ የእንባ ታሪክ ብቻ ሆኖ እንዳይጻፍ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል፤ ወላጆቹን ናዚዎች የገደሉበት ሰው ነው።

«ቤተ እስራኤል ታልሙድ ስላልነበራቸው ዳር ናቸው» የሚለው በጣም ያናድደኛል። ኦሪትን በግዕዝ ያነበቡ፣ በቄሶቻቸው የተመሩ፣ የሲግድን በዓል ያከበሩ ሕዝብ ዳር የሚሆኑት ታልሙድን ብቻ መለኪያ ላደረገ ሰው ነው።

ልትማሩ ካሰባችሁ ዕብራይስጥን ከወዲሁ ጀምሩ፤ አራማይክ ይከተላል። ግዕዝ የምታውቁ ደግሞ ማመልከቻችሁ ላይ ከላይ ጻፉት። «የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ብዙ መምህራን አጥብቀው የሚፈልጉት ችሎታ ነው።